የኔ ሐረግና የእትዬ ደብሪቱ ጎመን

እኔ በጠባዬ ነገር አልወድም። በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜዬ ፍርድ ቤት የረገጥኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ለምስክርነት ተጠርቼ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነገረኝ “እኔ አላየሁም” ብዬ ተመልሻለሁ። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ሰው በቢራቢሮ የተነሳ በእድር ፊት ተከሶ ይቆማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በበሬ ቢሆን ያባት ወግ ነው። በውሻም ሰው ይካሰሳል። በቢራቢሮ ግን ከእኔ በፊት የተከሰሰ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስልክ ነው። መቼም በዚህ ዘመን ከስልክ የማይጀምር ጣጣ የለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስጎረጉር፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ብቅ አለችና በሚያባባ ድምፅ ታወራ ጀመር። ቢራቢሮዎች እያለቁ ነው፤ የአገሩን ተክል ነቅለን የባዕድ አበባ ስለምንተክል የሚያርፉበት አጥተዋል፤ ስለዚህ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የአገሩን ሐረግ አጥሩ ላይ ይትከል አለች። ቀጥላም “እናንተ አትፈልጓቸው፤ እነሱ ራሳቸው ፈልገው ያገኟችኋል” አለች።

ይህቺ ንግግሯ አንጀቴን በላችው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀለም የማየው የፋይል ሽፋን ላይ ነው። እስከዛሬ ፈልጎ ያገኘኝ ፍጡር ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ቆጣሪውን እንጂ እኔን ብሎ አልመጣም።

“ጥሩነሽ” አልኳት ባለቤቴን፣ “ቢራቢሮ ላረባ ነው።”

ጥሩነሽ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል “እንቁላል ትጥላለች?” አለችኝ።

“ትጥላለች።”

“በቀን ስንት?”

“እሱን ሴትዮዋ አልተናገረችም።”

“እንግዲያው ዶሮ ይሻልሃል” ብላ ድስቷን ከደነች።

አልሰማኋትም። ያልሰማኋትን ሁሉ ብጽፈው ይሄ ወግ መጽሐፍ ይሆናል።

ችግሩ ሐረጉ ከየት ይምጣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ማንም ሳይተክለው በራሱ ፈቃድ የሚበቅለው ብርድ ብቻ ነው። የአገሩ ሐረግ እንደልቡ የሚንጠላጠለው አንኮበር ገደሉ ጥግ፣ ጫካው ውስጥ እንደሆነ ሰው ነገረኝና በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጆንያ በውሃ ነክሬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ኮቴን ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አንኮበር ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም። አንድ ሱቅ ግድግዳ ተደግፈው፣ በርኖስ ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁና እጅ ነሳሁ። ጋሽ ማሙዬ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው፣ ከተደነጋገርን በኋላ።

“ምን ፈልገህ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ሐረግ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ አባቴ።”

ፊታቸው ወዲያው በራ። ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እኔ ምን ላውቅ! ኮት ለብሶ “ሐረግ ፍለጋ መጣሁ” የሚል ሰው አንኮበር ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ለካ፤ ቅድመ አያቱ ከነገሥታቱ ወገን ናቸው ሲባል የሰማ፣ የዘር ሐረጉን ሊያስቆጥር የመጣ።

“በአባትህ ወገን ነው በእናትህ?” አሉኝ።

ሐረግም እንደ ሰው ወገን አለው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ያልተማረ እንዳልመስል “በየትኛውም ወገን ቢሆን ግድ የለኝም። ብቻ የአገሩ ይሁን” አልኩ።

“የውጭ የተቀላቀለበት አልፈልግም ነው የምትለው።”

“በፍጹም! የውጪውማ ከተማውን ሞልቶት የለም እንዴ!”

“እውነትህን ነው” አሉና ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። “ለመሆኑ ሥሩን ትደርስበታለህ?”

“እሱን እርስዎ ያሳዩኝ እንጂ ሥሩንማ ቆፍሬ ይዤው ነው የምሄደው።”

ጋሽ ማሙዬ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ከዚያ ቀስ ብለው “ቆፍረህ?” አሉኝ።

“አዎ። ጆንያም ይዣለሁ” ብዬ እርጥቡን ጆንያ ከቦርሳዬ መዥረጥ አድርጌ አሳየኋቸው።

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደዚያ ፈጥነው እንደተነሱ አላውቅም። ዱላቸውን ጨብጠው “ያባቶችን መቃብር ልትቆፍር! አጥንት በጆንያ! በስመ አብ!” ሲሉ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ወጣ። መንገደኛውም ቆመ። እኔ “ተክሉን ነው! ተክሉን! አጥር ላይ የሚወጣውን!” እያልኩ በሁለት እጄ አየሩን ስጠመዝዝ ላየኝ ሰው፣ አእምሮዬን አሞኝ ጸበል የመጣሁ እመስላለሁ።

እንደምንም ተግባባን። ጋሽ ማሙዬ ተቀመጡና እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲበቃቸው “እሺ፣ ተክሉን ለምን ፈለግከው? ለመድኃኒት?” አሉኝ።

“ለቢራቢሮ ነው። እንዲያርፉበት።”

ሳቃቸው ቆመ። ከእግሬ እስከ ራሴ በሐዘኔታ አዩኝና “ልጄ፣ ከዚህስ መቃብሩ ይሻል ነበር። እሱ እንኳ ምክንያት አለው” አሉ።

ያም ሆኖ ደግ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ወደ ጫካው ይዘውኝ ወርደው፣ በገዛ መቆፈሪያቸው ሁለት ሥር ነቀሉልኝ፤ አንዱ ጠምበለል፣ አንዱ አዞ ሐረግ። “እኛ ይሄን ከአጥራችን ለማላቀቅ ዕድሜያችንን ፈጀን፣ አንተ እቤትህ ትጋብዘዋለህ” እያሉ በጆንያው ጠቀለሉት። “ይሄኛውን ዕወቅ፤ አዞ ሐረግ ውሃው ያቃጥላል። ቅጠሉን እንዳትጨምቀው። የነካህበትን እጅ ሳትታጠብ ፊትህን እንዳትነካ።”

“እሺ” አልኩ። የመዝገብ ቤት ሰው እሺ ይልና ፋይሉን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምክራቸውንም እዚያው አስቀመጥኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሐረጉ ከጆንያው አፈትልኮ ከጎኔ የተቀመጠችውን ሴትዮ ሻሽ ያዘ። እሷ “ኧረ ምንድነው ይሄ!” እያለች ስትጎትት እኔ ቅጠሉን በጡጫዬ እየጨመቅኩ ወደ ጆንያው መለስኩ። መንገዱ አቧራ ነው። ዓይኔን በላኝ፣ አሸሁት። አፍንጫዬን በላኝ፣ እሱንም ደህና አድርጌ አሸሁት።

እሑድ ጠዋት አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። አንድ ዓይኔ ተዘግቷል፣ ጣቶቼ ውሃ ቋጥረዋል። ጥሩነሽ መስተዋት አምጥታ አሳየችኝና “ቢራቢሮዎቹ አሁን ቢመጡ አንተን አበባ ነው ብለው ያርፉብህ ነበር” አለች። ሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ አለቃዬ ሦስት ሜትር ርቀው ቆመው፣ ሳልጠይቃቸው የሕመም ፈቃድ ሰጡኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሳልለምን ያገኘሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

በፈቃዴ ጊዜ ሐረጎቹን ከእትዬ ደብሪቱ ጋር በሚያዋስነን አጥር ሥር ተከልኳቸው።

እትዬ ደብሪቱን ሳላስተዋውቅ ማለፍ ነውር ነው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስልሳውን ያለፉ ጎረቤታችን ናቸው። ጥሩነሽ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ምግብ ያመላለሱልን እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ኩራት ደግሞ ጎመናቸው ነው። ውርጭ የሁላችንንም ጓሮ ሲላጭ የእሳቸው ጎመን እንዴት እንደሚተርፍ እግዜርና እሳቸው ያውቃሉ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ከዚያ ጎመን ያልቀመሰ ቤት በሰፈራችን የለም። እኔና እሳቸው ደግሞ የማትጓደል ልማድ አለችን፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በአጥሩ ላይ ሰላም እንባባላለን።

“ምንድነው የምትተክለው?” አሉኝ ያን ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው።

“ሐረግ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ። ቢራቢሮ እንዲመጣልኝ።”

ያበጠ አፍንጫዬን አዩ። የተዘጋ ዓይኔን አዩ። “ሐኪም ነው ያዘዘልህ?”

“አይ፣ በራሴ ነው።”

“እግዜር ይማርህ” ብለው ገቡ።

ኅዳር ላይ ውርጩ መጣ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ቀልድ አያውቅም፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት እንደ መስተዋት ይሰበራል። ጠምበለሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ፣ አዞ ሐረጉን በገዛ ጋቢዬ ጠቀለልኩ። ጋቢው እንዳይጫነው ዙሪያውን እንጨት ተከልኩለት፤ የሐረጉ ጫፍ አሻቅቦ ሲወጣብኝም ኮፍያዬን ደፋሁበት። ቀን ቀን እንኳ ብርዱ አልመለስ ሲል እንደለበሰ ተውኩት። እኔ ቤት ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ሐረጉ ደጅ ተከናንቦ ቆመ። ጠምበለሉ ግን ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ሞተ። ጥሩነሽ “ቢያንስ ተገንዞ ነው የሞተው” አለች።

በዚሁ ሰሞን እትዬ ደብሪቱ ተለወጡብኝ። ከጥሩነሽ ጋር እንደወትሯቸው ይጫወታሉ፤ እኔን ሲያዩ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ። ጠዋት ብጠብቅ ብቅ አይሉም። ምን አጠፋሁ? ብዬ አሰብኩ፤ አላገኘሁትም። መጠየቅ ደግሞ ከበደኝ። ወንድ ልጅ አንኮበር ድረስ ሄዶ ሐረግ ለመጠየቅ አያፍርም፤ አጥር ተሻግሮ “ምን አስቀየምኩ?” ማለት ግን ያቅተዋል። በጋው እንዲህ ባለ ኩርፊያ አለፈ።

ክረምቱ ሲገባ አዞ ሐረጉ ጉድ አደረገኝ። ሐረግ ልክ እንደ እንግዳ ነው ለካ፤ መጀመሪያ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲለምድ አልጋውን ይይዛል። አጥሩን ወጣ፣ ወደ እትዬ ደብሪቱ ግቢ ተሻገረ፣ የማድ ቤታቸውን ቆርቆሮ ጣሪያ ጨበጠ። ቢራቢሮ ግን የለም። በየቀኑ በርጩማ አውጥቼ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣው ዝንብ ነው።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ግን አየኋቸው። አምስት፣ ስድስት፣ ከዚያም በላይ ነጫጭ ቢራቢሮዎች በአየሩ ላይ እየተንሳፈፉ መጡ! ዘልዬ ተነስቼ “መጡ! ጥሩነሽ፣ መጡልኝ! ስንት ዘመን የጠበቅኳቸው መጡልኝ!” ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ሰማ። እትዬ ደብሪቱም ሰሙ። ቢራቢሮዎቹ ሐረጌን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት በአጥሩ ላይ አልፈው፣ የእትዬ ደብሪቱ ጎመን ላይ አረፉ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎመኑ ወንፊት ሆነ። በቅጠሉ ሥር አረንጓዴ ትል ተደርድሮ ይበላል። ያውም ፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን!

እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ “አንድ ጉዳይ አለ፣ አትሂዱ” ተባለ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ለማ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ አሁንም ተማሪያቸው ይመስላቸዋል። እትዬ ደብሪቱ ቆሙ። አንድ የተበሳሳ የጎመን ቅጠል ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። በቀዳዳዎቹ የጋሽ ለማ ፊት ታየ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የትም የለም።

“ቢራቢሮ ላምጣ ብሎ ከአንኮበር ድረስ ሐረግ አመጣ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው መጡ። ጎመኔን ጨረሱት።”

“እውነት ነው?” አሉኝ ጋሽ ለማ።

“ሐረግ መትከሌ እውነት ነው። እነዚያ ነጫጮቹ ግን የኔ አይደሉም።”

“የማን ናቸው?”

“የማንም አይደሉም! ጎመን ባለበት ሁሉ በራሳቸው የሚመጡ ናቸው። የኔዎቹ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ባለቀለም ናቸው።”

“እሺ፣ ያንተዎቹ የት አሉ?”

“ገና አልመጡም።”

ከኋላ ሰው ሳቀ። እትዬ ደብሪቱ ግን አልሳቁም። “ያንተ ካልሆኑ ለምን ‘መጡልኝ’ ብለህ ጮህክ? ሰፈሩ ይመስክር!” አሉ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ መሰከረ። ጥሩነሽ እንኳ፣ የገዛ ሚስቴ፣ “አዎ” ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ እትዬ ደብሪቱ ድምፃቸው ተለወጠ። “ጎመኑስ ይሁን፤ ይበቅላል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ኅዳር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ጥግ ቆሞ ‘እንደምን አደርክ?’ ስለው ዘጋኝ። በሦስተኛው ቀን ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ዞር እንኳ አላለም! ምን በደልኩት?”

ጥሩነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እኔም የገባኝ።

“እትዬ ደብሪቱ” አልኩ፣ “እሱ እኔ አልነበርኩም።”

“ጋቢውን አውቀዋለሁ! ኮፍያውንም አውቀዋለሁ!”

“ጋቢውም ኮፍያውም የኔ ነው። ሰውዬው ግን ሐረጉ ነው። ውርጭ እንዳይገለው አልብሼው ነው።”

እትዬ ደብሪቱ የያዙትን ቅጠል ዝቅ አደረጉ። “እና ሦስት ቀን ሙሉ ‘ብርዱስ እንዴት ነው?’ ስል የነበረው ለሐረግ ነው?” አሉ። እድሩ ከተቋቋመ ወዲህ እንደዚያን ቀን የተሳቀበት ጊዜ አልነበረም። ጋሽ ለማ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

ሳቁ ግን ከፍርድ አላዳነኝም። “የቢራቢሮዎቹ ባለቤት መሆኑ አልተረጋገጠም” አሉ ጋሽ ለማ፣ “ጥሪ ማድረጉ ግን ተረጋግጧል። ስለዚህ ጎመኑ እስኪያገግም በየጠዋቱ ትሉን ይለቅማል። ሐረጉንም ከመስቀል በፊት ይቆርጣል።” አበው ሐረግ ሲስቡት ዱር ይነቃነቃል ያሉት ለካ ዱሩን ብለው አይደለም፣ እድሩን ነው።

እናም ቢራቢሮ ላረባ የተነሳሁት ሰውዬ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት በየጠዋቱ የጎመን ቅጠል እየገለበጥኩ፣ ነገ ክንፍ አውጥቶ ሊበር የነበረውን ሁሉ በጣሳ እያጠራቀምኩ ለእትዬ ደብሪቱ ዶሮዎች አቀርብ ጀመር። ዶሮዎቹ እንደ እኔ ለቢራቢሮ የሚጨነቅ ሰው አይተው አያውቁም። እትዬ ደብሪቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው “ከሥሩ ከሥሩ እየው! ያቺን አለፍካት!” ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ትእዛዝ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ወሬ ተጨመረበት።

አንድ ጠዋት፣ ጎንበስ ብዬ ስለቅም፣ ከጀርባዬ “ታውቃለህ?” አሉኝ። “ሰውዬው ከሞተ ወዲህ ጠዋት በሬን ስከፍት የመጀመሪያው የምሰማው የሰው ድምፅ ያንተ ነው። ዝም ስትለኝ፣ እኔም የሞትኩ መሰለኝ።”

ቀና አላልኩም። እጄ ላይ ያለችውን፣ ትል የሌለባትን ቅጠል ሦስት ጊዜ ገለበጥኳት።

መስከረም ጠባ፤ ጎመኑ አገግሞ የእኔም ለቀማ አበቃ። ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ፍርዴን ልፈጽም ማጭድ ይዤ አጥሩ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ግንድ ጨብጬ ማጭዱን ሳነሳ ከወዲያ በኩል “ቁም!” የሚል ድምፅ መጣ። ሊያወርደኝ ምንም አልቀረውም።

“ማንን አስፈቅደህ ነው የምትቆርጠው?” አሉ እትዬ ደብሪቱ።

“እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስፈረዱብኝ!”

“ያኔ አላበበም ነበራ! እስቲ ወደዚህ እይ።”

ተንጠራርቼ አየሁ። በእኔ በኩል ሐረጉ የደረቀ ገመድ የመሰለ ግንድ ነው። በእሳቸው በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ የማድ ቤቱ ጣሪያ በነጭ አበባ ተሸፍኗል። አበባው ላይ ቢራቢሮ አለ። ብጫው፣ ቡናማው፣ በጥቁር ላይ ብርቱካን የተረጨበት፣ ክንፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ይሞቃል። ዓመት ሙሉ የጠበቅኳቸው፣ አፍንጫዬን የከፈልኩላቸው ቢራቢሮዎች ሁሉ እትዬ ደብሪቱ ግቢ ነበሩ።

“በእኔ በኩል ያለው የኔ ነው” አሉ እትዬ ደብሪቱ። “አንተ ሥሩን ጠብቅ።”

አሁን ቢራቢሮ ማየት ስፈልግ ዞሬ በዋናው በር ገብቼ፣ “ቤቶች!” ብዬ አስፈቅጄ ነው። ባለፈው እሑድ የማኅበር ሴቶች መጥተው “እነዚህን ከየት አመጣሻቸው ደብሪቱ?” ሲሏቸው፣ እትዬ ደብሪቱ “እነሱ ራሳቸው ፈልገው መጡ” አሉ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እንደ ማንኛውም እንግዳ አደነቅኩ።

ሴቶቹ ሄደው እኔና እሳቸው ስንቀር፣ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ብቻዋን በአጥሩ ላይ መጣች። ባለቀለሞቹን አለፈች፣ አበባውን አለፈች፣ አዲስ ያቆጠቆጠው ጎመን ላይ ወርዳ ተቀመጠች። ሁለታችንም አየናት። እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

“የኔ ናት” አልኩና ተነስቼ ጣሳውን አነሳሁ።